«ኤብል» የተሰኘው የእንግሊዝኛ ቅጽል ፍችና አገባብ

በእንግሊዝኛ የተጻፉ የትምህርት ዓላማዎች በአብዛኛው የሚጀምሩት ተማሪው ትምህርቱን ሲፈጽም «ኤብል» ይሆናል በሚል ሐረግ ነው። ቃሉ ከላቲን ተነሥቶ በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ የገባ ነው። ዛሬ አንድን ድርጊት ለመፈጸም ችሎታ፣ ዐቅም ወይም ምቹ ሁኔታ መኖሩን ያመለክታል።

ቃሉን «የሚችል» ብሎ መተርጐም ስሕተት ባይሆንም የአማርኛው ፍች ሰፊ ነው። «መኪና መንዳት ይችላል» ስንል ችሎታን፣ «እንግሊዝኛ ይችላል» ስንል ዕውቀትን፣ «መከራውን ቻለ» ስንል ትዕግሥትን እንገልጻለን። «ኤብል» የሚስማማው ከመጀመሪያው ጋር ነው፤ ከኋላውም «ቱ» እና ግሥ ይከተሉታል። ስለዚህ በደብረ ሲና አንድ ተማሪ «ሂ ካን ኢንግሊሽ» ብሎ ቢጽፍ፣ የስሕተቱ ምንጭ ስንፍና ሳይሆን የአማርኛው አገባብ ነው። እርማቱም «ሂ ኢዝ ኤብል ቱ ስፒክ ኢንግሊሽ» ይሆናል።

በኃላፊ ጊዜም ጥንቃቄ ያሻል። አንድ የጭነት መኪና ጉም የሸፈነውን የጣርማበርን ዳገት ታግሎ ወጣ እንበል። አማርኛው «መውጣት ቻለ» ይላል። እንግሊዝኛው አንድ ጊዜ ለተሳካ እንዲህ ላለው ድርጊት «ዋዝ ኤብል ቱ» ይላል፤ «ኩድ» በአዎንታዊ ዐረፍተ ነገር የሚነገረው ለቆየ ችሎታ ነው። ቅጽሉ ከስም በፊት ሲገባ ደግሞ፣ ለምሳሌ «አን ኤብል ቲቸር» ሲባል፣ «ብቁ መምህር» ማለት ነው።

ጉዳዩ በሰዋስው ብቻ አይወሰንም። የትምህርቱ ዓላማ «ይችላል» ሲል መምህሩ «ያውቃል» ብሎ ከተረዳው፣ ፈተናው የአንቀጽን ትርጓሜ በቃል ማስወጣት ይሆናል። አንድም አንቀጽ ጽፎ የማያውቅ ተማሪም ያልፋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ እንዲሆን ደንግጓል፤ ስለሆነም ጉድለቱ በዘጠነኛ ክፍል በሒሳብና በሳይንስ ትምህርት ጭምር ይገለጣል።

እንግዲህ መምህሩ በዕለት ዕቅዱ «አንቀጽን ያውቃል» በማለት ፈንታ «ስለ ቀየው አምስት ዐረፍተ ነገር ያለው አንቀጽ መጻፍ ይችላል» ብሎ ይጻፍ፤ ፈተናውንም በዚያው ልክ ያዘጋጅ። የትምህርት ዕቅድ አውጪዎችም ቅጽሉ ምቹ ሁኔታን እንደሚያካትት ያስቡ። መጽሐፍና የመለማመጃ ጊዜ ያላገኘን ተማሪ «ኤብል ይሆናል» ብሎ በወረቀት ላይ ማስፈር፣ ለቃሉ የማይገባውን ፍች መስጠት ነው።