ሳይንቀሳቀሱ የሚሠራ ስፖርት፤ ለደም ብዛት

ስፖርት ሲባል በብዙዎቻችን ሐሳብ የሚመጣው ሩጫ፥ ኳስና ላብ ነው። ከጧት እስከ ማታ ከወንበርና ከጠረጴዛ ጋራ የምንውል ሠራተኞችና ተማሪዎች «ጊዜ የለንም» የምንለውም ስለዚሁ ነው። ነገር ግን ከቦታ ሳይነሡ የሚሠራ ሌላ ዓይነት ስፖርት አለ። ይኸውም ጡንቻን ወጥሮ ለጥቂት ጊዜ እንደ ተወጠረ ማቆየት ሲሆን፥ በውጭ አገር ቋንቋ አይሶሜትሪክ ይባላል።

ደም ብዛት፥ ስሙ እንደሚመስለው የደም መብዛት አይደለም፤ ደሙ በሥሮቹ ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ከልክ ማለፉ ነው። ሐኪሞች በተደጋጋሚ ለክተው 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ሲያገኙት ብዙውን ጊዜ ደም ብዛት ይሉታል። ክፋቱ ሕመም ሳያሰማ ልብን፥ ኵላሊትንና አንጎልን መጉዳቱ ነው።

እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2023 ዓ.ም. በብሪታንያ የስፖርት ሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፥ በ15,827 ሰዎች ላይ የተደረጉ 270 ሙከራዎችን አንድ ላይ መርምሮ ነበር። አይሶሜትሪክ የላይኛውን ግፊት በአማካይ በ8፥ የታችኛውን በ4 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ያህል ዝቅ አድርጎ ተገኘ። ሩጫንና ብስክሌትን የመሳሰሉት ግን የላይኛውን ያወረዱት በ4.5 ያህል ነው። በሙከራዎቹ የገቡት ሁሉ ደም ብዛት ያለባቸው አልነበሩም። ሩጫም ለልብና ለሳንባ የሚሰጠው ጥቅም ብዙ ስለ ሆነ፥ ይቅር ማለታችን አይደለም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጀርባን ከግድግዳ አስደግፎ፥ በማይታይ ወንበር ላይ እንደ ተቀመጡ ጉልበትን አጥፎ 2 ደቂቃ መቆየት፤ 2 ደቂቃ ማረፍ፤ ይህንኑ 4 ጊዜ መደጋገም። ጠቅላላው 14 ደቂቃ ሲሆን፥ በሳምንት 3 ቀን ይበቃል። ጉልበቱ የሚያመው ሰው የእጅ መጨበጫ መሣሪያን ከሙሉ ኃይሉ 30 ከመቶ ባህሉ ጨብጦ መቆየት ይችላል።

እንደሚታመነው፥ የተወጠረው ጡንቻ የደም ሥሮችን ይጫናል፤ ሲለቀቅ ደሙ በኃይል ይመለሳል፤ ይህም ሲደጋገም ሥሮቹ መስፋትን ይለምዳሉ።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ ግን አለን። ጡንቻው በተወጠረበት ሰዓት ግፊቱ ለጊዜው ከፍ ይላል፤ የሚቀንሰው ከሳምንታት ልምምድ በኋላ ነው። ስለዚህ ትንፋሽን አፍኖ መያዝ አይገባም፤ ያን ጊዜ ግፊቱ ይብሳልና። ግፊቱ እጅግ ከፍ ያለበት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር። መድኃኒት የሚወስድም፥ ግድግዳውን ተማምኖ መድኃኒቱን ከተወ ራሱን ለአደጋ ይሰጣል።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። እንግዲህ አንባቢያችን ከግድግዳው በፊት ወደ ሐኪም ቤት ጐራ ብሎ ግፊቱን ያስለካ። ቁጥሩን ያላወቀ ሰው መውረዱንም ሆነ መውጣቱን በምን ያውቃል?