ለስቲል የሚበጀው ለታይታኒየም ለምን አይበጅም?

ከእንጦጦ ግርጌ ቁስቋም ላይ ቆማችሁ ከተማዋን ቁልቁል ስታዩ ወደ ቦሌ የሚያቀና አውሮፕላን ዓይናችሁ ሊገባ ይችላል። ቦይንግ 787 ድሪምላይነር ከሆነ ከክብደቱ 15 በመቶ ያህሉ ታይታኒየም ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይህን አውሮፕላን ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆኖ የተረከበው በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ነበር። የተሰበረ አጥንት ለመጠገን የሚገቡ ብሎኖችም ብዙዎቹ ከታይታኒየም ይሠራሉ። ቀላል ነው፣ ጠንካራ ነው፣ አይዝግም።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ሲቆረጥ ቆራጩን ይበላዋል።

ቆራጩ ኤንድ ሚል ይባላል። ሲያዩት የትራፓኖ ፑንታ ይመስላል፤ ግን ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ይቆርጣል። ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ ኤንድ ሚል በደቂቃ 60 ሜትር ፍጥነት ሲቆርጥ በደቂቃ 1,900 ጊዜ ያህል ይዞራል። እያንዳንዱ ጥርስም በደቂቃ 1,900 ጊዜ ይገባል፣ ይወጣል፤ ይግላል፣ ይቀዘቅዛል ማለት ነው።

ሙቀቱ የት ይሄዳል? ትኩስ ሻይ ውስጥ የብረት ማንኪያ ብትተዉ እጀታው ቶሎ ይፋጃል። የሸክላ ጀበና ግን ውስጡ ቡና እየፈላም እጀታውን መያዝ ይቻላል። ታይታኒየም ብረት ቢሆንም በዚህ ጠባዩ ወደ ሸክላው ያዘነብላል፤ በብዛት የሚሠራበት የታይታኒየም ቅይጥ ሙቀት የሚያሳልፈው ከተራ ስቲል በሰባት እጥፍ ያህል ባነሰ መጠን ነው። ስለዚህ ሙቀቱ በፍርፋሪው ተጠርጎ አይወጣም፤ 80 በመቶ ያህሉ ወደ ጥርሱ ይገባል። ስቲል ሲቆረጥ ግን ወደ ጥርሱ የሚገባው ግማሽ ያህሉ ነው።

በዚያ ላይ የጋለ ታይታኒየም ከነካው ነገር ጋር መዋሃድ ይወዳል። ጥርሱ ላይ ይጣበቃል፤ ሲነቀል ደግሞ የጥርሱን ቅንጣት ይዞ ይሄዳል።

ጥርሱ የሚሠራው ከካርባይድ ነው። ጋራዥ ውስጥ ውሃ ሲነካው ለብየዳ የሚሆን ጋዝ የሚያወጣውን ድንጋይ አስባችሁ ከሆነ እሱ ካልሲየም ካርባይድ ነው፤ የእኛው ሌላ ነው። የእኛው ተንግስተን ካርባይድ ሲሆን እጅግ ጠንካራ የሆኑ ጥቃቅን ቅንጣቶች በኮባልት ተያይዘው የሚሠራ ነው። እንደ ኮንክሪት አስቡት፦ ጠጠሩ ተንግስተን ካርባይድ፣ ሲሚንቶው ኮባልት። የጀርመኑ ክሩፕ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለገበያ ሲያቀርበው “እንደ አልማዝ” ከሚለው የጀርመንኛ አባባል ቆርጦ “ቪዲያ” ብሎታል።

ይህ ቆራጭ ስቲል ላይ ሲሞከር ግን ደካማ ጎኑ ታየ። ተንግስተን ካርባይድ በጋለ የስቲል ፍርፋሪ ውስጥ ስለሚሟሟ ጥርሱ ላይ ጉድጓድ ይበላል። መፍትሔው ሌሎች ካርባይዶችን መጨመር ሆነ፦ የታይታኒየም፣ የታንታለምና የኒዮቢየም ካርባይድ። እነዚህ በስቲል ውስጥ በቀላሉ አይሟሙም፤ ጉድጓዱም ቀነሰ።

እዚህ ላይ “ለስቲል ከሠራ ለታይታኒየምም ይሠራል” ማለት ይቀናናል። አይሠራም! ቀረፋ ለሻይ ስለጣመ ሽሮ ላይ አይነሰነስም። የታይታኒየም ካርባይድ በብዛት ሲጨመር ጥርሱ ሙቀት የማሳለፍ አቅሙ ይቀንሳል። ቀድሞውንም መውጫ ያጣው ሙቀት ጫፉ ላይ ይከማቻል። ጥርሱም ይበልጥ ተሰባሪ ስለሚሆን መጋልና መቀዝቀዙ ሲፈራረቅበት ይሰነጠቃል። ስለዚህ ታይታኒየም ላይ ብዙ ጊዜ የሚረዝመው ብዙ ያልተጨመረበት፣ ተንግስተን ካርባይድና ኮባልት ብቻ ለማለት የሚቀርበው ቆራጭ ዕድሜ ነው።

“ለማለት የሚቀርበው” ያልኩት በምክንያት ነው። ከ1 በመቶ ያነሰ የቫናዲየም ወይም የክሮሚየም ካርባይድ ይገባበታል። ዱቄቱ ምድጃ ውስጥ በ1,400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲጋገር ቅንጣቶቹ እየተዋሃዱ ማደግ ይፈልጋሉ። እነዚህ ጭማሪዎች ዕድገቱን ይገቱታል። ቅንጣቱ ሲደቅ ጥርሱ ይጠነክራል፣ ስለቱም ይቆያል። መጠኑ ከበዛ ግን ጥርሱ ተሰባሪ ይሆናል።

በጣም የሚገርመው ደግሞ ይሄ ነው። በቁረጣ ጊዜ የጋለው ታይታኒየም ከጥርሱ ካርቦን ጋር ተዋህዶ ጥርሱ ላይ ስስ የታይታኒየም ካርባይድ ሽፋን ሊሠራ ይችላል። ሽፋኑ ካልተላጠ ጥርሱ ቶሎ እንዳያልቅ ይከላከላል። በጅምላ ሲጨመር የጎዳው ያው ነገር፣ በቦታው ሲፈጠር ይጠቅማል ማለት ነው።

ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በጉጂ ዞን ያለው የቀንጢቻ ማዕድን ታንታለም ሲወጣበት የቆየ ነው። ከታንታለም ብዙው ለስልክና ለኮምፒውተር ክፍሎች ይውላል፤ የተወሰነው ግን ካርባይድ ሆኖ ቆራጭ ውስጥ ይገባል። ማዕድኑን ጥሬውን እየላክን ቆራጩን በውጭ ምንዛሪ ስንገዛ፣ ቢያንስ የትኛው ለምን እንደሚሆን ማወቅ አለብን።

ቆራጭ የምትመርጡ ከሆነ ምልክቱን እዩ። በዓለም አቀፉ አመዳደብ ሰማያዊው “ፒ” ለስቲል ነው፤ ቡናማው “ኤስ” ደግሞ ለታይታኒየምና ሙቀት ለሚቋቋሙ ቅይጦች። አንድ ቀን ከቁስቋም በታክሲ ወርዳችሁ አምስት ኪሎ ምህንድስና የምትማሩ ከሆነ ደግሞ ራሳችሁ ሞክሩት። ሁለቱን በአንድ ዓይነት ታይታኒየም ላይ በእኩል ፍጥነት አሠሯቸውና የጥርሳቸውን ጎን በማይክሮስኮፕ ለኩ። የተበላው ስፋት በአማካይ 0.3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ቆራጩ እንዳለቀ ይቆጠራል። ቀድሞ እዚያ የሚደርሰው የትኛው ይመስላችኋል?