የአርቢ ሕግጋትና የቡና ማሳ

ከማጂ እስከ ቴፒ ባለው የቡና አገር ክረምት ሳይገባ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ለአንድ ሄክታር መሬት ስንት ችግኝ ያስፈልጋል?» የሚል ነው። ችግኙ ቢያንስ የማሳው ከፊል ባዶውን ይከርማል፤ ቢበዛ ደግሞ የተደከመበት ችግኝ በመደቡ ላይ ይበላሻል። ቡና ከተተከለ በኋላ ፍሬ ለመስጠት ሦስት ወይም አራት ዓመት ስለሚፈጅ፣ አንድ ክረምት ያመለጠው ገበሬ የአንድ ዓመት ምርት አመለጠው ማለት ነው። እናንተ ግን ይህን ስሌት ያለ ካልኩሌተር፣ በእርሳስና በወረቀት ብቻ ልታደርሱለት ትችላላችሁ።

አንድ ቁጥር ስንት ጊዜ ተደጋግሞ እንደተባዛ የምታሳየውን፣ በስተቀኙ ከፍ ብላ የምትጻፈውን ትንሽ ቁጥር አርቢ እንላታለን። መሠረታቸው አንድ የሆነ ቁጥሮች ሲባዙ አርቢዎቻቸው ይደመራሉ፤ ሲካፈሉ ይቀነሳሉ። አንድ ሄክታር ጎኑ 100 ሜትር የሆነ ካሬ ስለሆነ፣ ስፋቱ 10² × 10² = 10⁴ ሜትር ካሬ ነው።

ቡናው በሁለት ሜትር ርቀት ቢተከል፣ እያንዳንዱ እግር ቡና 2² ሜትር ካሬ ይይዛል። ስለዚህ 10⁴ን ለ2² እናካፍላለን። መሠረቶቹ ስለሚለያዩ አርቢዎቹን ወዲያው መቀነስ አይቻልም። ነገር ግን 10 ማለት 2 × 5 ስለሆነ፣ 10⁴ን 2⁴ × 5⁴ ብለን መጻፍ እንችላለን። 2⁴ ለ2² ሲካፈል 2² × 5⁴፣ ማለትም 4 × 625 = 2,500 ችግኝ ይሆናል። ርቀቱን አራት ሜትር ብናደርገውስ? አካፋዩ 4²፣ ይኸውም 2⁴ ስለሚሆን የሚተርፈው 5⁴ ወይም 625 ብቻ ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የችግኙ ቁጥር ወደ ሩብ ወረደ።

አሁን ወደ ቁፋሮው እንሂድ፤ ጉልበት የሚፈጀው እርሱ ነውና። የእያንዳንዱ ጉድጓድ ርዝመት፣ ወርድና ጥልቀት 60 ሳንቲሜትር ወይም 6 ዴሲሜትር ቢሆን፣ ይዘቱ 6³ ሊትር ነው። ለ2,500 ጉድጓድ የሚወጣውን አፈር ለማግኘት 6³ን በ2² × 5⁴ ማባዛት ያሻል። 6³ን 2³ × 3³ ብላችሁ ፍቱት። ሁለቶቹን ስትሰበስቡ 3³ × 2⁵ × 5⁴ ታገኛላችሁ። አራቱ ሁለቶች ከአራቱ አምስቶች ጋር ተጣምረው 10⁴ ይሆናሉ፤ አንድ ሁለት ይተርፋል። እንግዲህ 27 × 2 × 10⁴ = 540,000 ሊትር ነው። በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ 10³ ሊትር ስላለ፣ አፈሩ 540 ሜትር ኩብ ይሆናል።

«ጉድጓዱ 30 ሳንቲሜትር ቢሆን ቁፋሮው በግማሽ ይቀንሳል» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። የሚቀንሰው ግን በግማሽ አይደለም። ሦስቱም ልኮች በግማሽ ስለሚያንሱ አፈሩ በ2³፣ ማለትም ወደ ስምንተኛ እጁ ወርዶ 67.5 ሜትር ኩብ ይሆናል። የቆፋሪዎችን ዋጋ በግማሽ ቀንሶ የተዋዋለ ሰው ምን ያህል አብዝቶ እንደከፈለ እናንተው አስሉት።

በፈተና ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ስሕተት ሌላ ነው። አርቢዎች የሚደመሩት ቁጥሮቹ ሲባዙ እንጂ ሲደመሩ አይደለም። እያንዳንዳቸው አንድ ሄክታር የሆኑ ሁለት ማሳዎች ያሉት ገበሬ 10⁴ + 10⁴ = 2 × 10⁴ ሜትር ካሬ መሬት አለው። ውጤቱን 10⁸ ብሎ የጻፈ ተማሪ ግን ለገበሬው 10,000 ሄክታር ሰጠው፤ ይህም ከሚዛን ተፈሪ ብዙም የማይርቀውን ሰፊውን የበበቃ ቡና እርሻ የሚያህል ነው። ያን ያህል መሬት ካሬ ቢሆን ኖሮ ጎኑ ስንት ይሆናል? በራሱ ተባዝቶ 10⁸ የሚሰጠው ቁጥር፣ አርቢው ለሁለት ሲካፈል፣ 10⁴ ነው፤ ጎኑ 10,000 ሜትር ወይም 10 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በእርግጥ በዚያ አገር ወንዙ፣ ጫካውና ገደሉ እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ ካሬ ለመቀየስ አይፈቅዱም።