የጉለሌው ደራሲ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ

ጉለሌ ሲነሳ ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ፓስተር፣ የሽሮ ሜዳ ሸማኔና የእንጦጦ ዳገት ነው። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ መኖሪያም እዚሁ ጉለሌ እንደነበረ የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

የደራሲነት ቦታቸውም ያከራክራል። ቻይናዊ አንባቢ የዘመናዊ ሥነ ጽሑፋችሁ ጀማሪ ማን ነው ቢባል ሳያመነታ ሉ ሹን ይላል። እኛ ግን እንከራከራለን። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ መሆኑ አያከራክርም። ሆኖም እዚሁ አገር ተቀምጦ፣ እዚሁ እያሳተመ፣ አማርኛ አንባቢ እንዲያፈራ ዕድሜውን የሰጠ ሰው ከተፈለገ ከኅሩይ የሚቀድም አላውቅም።

ኅሩይ የመርሐቤቴ ሰው ናቸው፤ ደን በተባለ ቦታ ተወለዱ። ትምህርታቸው የቤተ ክህነት ነው፤ እንጦጦ ራጉኤልም ተምረዋል። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም አገሩ እንዲሠለጥን ሲወተውቱ የሚከራከሩት እንደ ደብተራ ነው። ጥቅስ ይመዛሉ፣ ምሳሌ ይደረድራሉ፣ ይመክራሉ። በ1904 ዓ.ም. በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉ መጻሕፍትን ዝርዝር አሳተሙ። መጽሐፍ ሲባል ብራና ብቻ ይታሰብ በነበረበት ዘመን፣ ምን አለን ብሎ መቁጠር ራሱ አዲስ ነገር ነበር። በ1915 ዓ.ም. «ወዳጄ ልቤ»ን ጻፉ። ተራኪው ከገዛ ልቡ ጋር እየተነጋገረ የሚጓዝበት ይህ መጽሐፍ ከእንግሊዛዊው ጆን ቡንያን ሥራ መንገዱን ቢዋስም፣ ወጉ የእኛው የመንፈሳዊ መጻሕፍት ወግ ነው። ለዛሬ አንባቢ አካሄዱ ዝግ ሊልበት ይችላል።

«አዲስ ዓለም» ግን አይከብድም። በ1925 ዓ.ም. በጎሐ ጽባሕ ማተሚያ ቤት ታተመ። ባለታሪኩ አወቀ የገጠር ልጅ ነው። ፓሪስ ሄዶ ይማርና ወደ ወላጆቹ አገር ይመለሳል። ጣጣው የሚጀምረው ያኔ ነው። አባቱ ሲሞቱ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ተዝካር ደግስ ይለዋል። ተዝካር በዚያን ጊዜ ምን ማለት እንደነበረ ለማያውቅ፦ ዳስ ይጣላል፣ በሬ ይታረዳል፣ ጠላና ጠጁ በጋን ይጠመቃል፣ ካህኑም ጎረቤቱም መንገደኛውም ይበላል። የሟች ልጅ ከብቱን ሸጦ፣ አራጣ ተበድሮ ይደግስና ዕዳው ዓመታት ይከተለዋል። አልደግስም ያለ ደግሞ አባቱን እንደካደ ይቆጠራል። ኅሩይ አወቀን የሚያቆሙት እዚህ ፈተና ውስጥ ነው። የሠርጉም ነገር እንዲሁ ነው፤ እንደ አገሩ ደንብ ሰክሮና ተበድሮ መሞሸር እሱ የሚቀበለው አይደለም።

እዚህ ላይ ሉ ሹንን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይጠቅማል። ሁለቱ የአንድ ዘመን ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም የመንግሥት ባለሥልጣን ነበሩ፣ ሁለቱም ጃፓንን አይተዋል። ሉ ሹን እ.ኤ.አ. በ1918 «የዕብድ ሰው ማስታወሻ»ን ሲያወጣ ልማድን ሰው እንደሚበላ አውሬ ሣለው፤ የሚያመልጥ ያለ አይመስልም። በኅሩይ መጽሐፍ ግን ነገሩ በመጨረሻ ለካህናት ጉባኤ ይቀርባል። ጉባኤው መክሮ ልማዱን ያሻሽላል። ብዙ ሰው ይህን መጨረሻ የዋህነት ይለዋል። እኔ አይመስለኝም። ኅሩይ ቤተ ክህነትን ከውስጥ ያውቋታል፤ ካህኑ ተዝካር ይብቃ ካላለ ገበሬው እንደማይተው ይገባቸዋል። ልብ ወለድ አስመስለው የጻፉት የሥራ ዕቅድ ነው።

ጃፓን የሄዱት በ1924 ዓ.ም. የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ነው። ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በሚል ጻፉት፤ መጽሐፉ ወደ ጃፓንኛም ተተርጉሟል። ንጉሥዋን ይዛ፣ ሃይማኖቷን ሳትጥል የሠለጠነች አገር ማየታቸው የልባቸውን አደረሰላቸው። አንዳንዱ ገጽ ላይ አድናቆቱ ሚዛን ይስታል፤ ወታደራዊ ኃይሏ ጎረቤቶቿን ምን እያደረገ እንደነበር አይጠይቁም።

ጣሊያን ሲገባ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደዱ። ልጃቸው ፈቃደ ሥላሴ፣ በእንግሊዝ አገር የተማረው፣ በጠላት ተገደለ። ኅሩይም መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. በእንግሊዟ ባዝ ከተማ ውስጥ አረፉ፤ በቀብራቸው ላይ የተናገሩት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ሌላው ልጃቸው ሲራክ ኋላ የሳሙኤል ጆንሰንን «ራስላስ» ወደ አማርኛ መልሷል።

ኅሩይን ማንበብ ለሚጀምር ሰው ምክሬ ከ«አዲስ ዓለም» እንዲነሳ፣ የተዝካሩን ክርክር ሁለት ጊዜ እንዲያነበውና የጉባኤውን ክፍል ሰለቸኝ ብሎ እንዳይዘለው ነው። ከዚያ የጃፓኑን ጉዞ ያስከትል። «ወዳጄ ልቤ» ይቆየው።