የዛገውን ወፍጮ ማስነሳት

የራያ ቆቦ ሜዳ ማሽላና ጤፍ የሚያፈራ ቆላ ነው። ከወልድያ ወጥቶ፣ ጎብዬን አልፎ፣ በሮቢት በኩል ወደ ቆቦ የሚዘልቀውን አስፋልት በመኸር ወቅት ይዞ የሄደ ሰው ከመንገዱ ግራና ቀኝ የቆመ የማሽላ አገዳ ያያል፤ በስተምሥራቅ የዞብል ተራሮች ይታያሉ። ዘሩ ደጋሊትም ይሁን ጅጉርቲ፣ ያ ሁሉ ማሽላ እንጀራ የሚሆነው ወፍጮ ቤት ደርሶ ሲመለስ ነው። የሞተር ወፍጮ ያልነበረበት ዘመን ምን ይመስል እንደነበር እናቶች ያውቁታል። ከድንጋዩ ፊት ተንበርክኮ መጁን ወዲያና ወዲህ ማመላለስ ሌሊቱን የሚበላ፣ ወገብና ጉልበት የሚጨርስ ሥራ ነበር። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ሰሜን ወሎን ሲያዳርስ መብራት ለወራት ተቋረጠ፤ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ወፍጮዎች ቆሙ፣ እህል እያለም ማስፈጨት ጭንቅ ሆነ።

ይህን ያየ ሰው የድሮ የናፍጣ ወፍጮ በቆርቆሮ መጠለያ ሥር ዝገት ሲበላው፣ ይባስ ብሎ በኪሎ ተመዝኖ ለውዳቂ ብረት ነጋዴ ሲሸጥ ሲያይ ይቆጨዋል። እኔ እንደማምነው ከእነዚህ ወፍጮዎች አብዛኞቹ አልሞቱም። የተሠሩት ከወፍራም ጊዛ (ቀልጦ ከተቀዳ ብረት) ነው፤ አሠራራቸው ቀላል ነው፤ የሚያልቅ የሚያልቀው ክፍላቸው ደግሞ በቅርብ ከተማ ቶርኖ ቤት ሊሠራ ወይም ከገበያ ሊገዛ ይችላል። የሚያስፈልገው ቦታ፣ ትዕግሥትና የሥራውን ቅደም ተከተል ማወቅ ነው።

በመጀመሪያ ማሽኑን እንወቀው። ወፍጮ ስንል ሁለት ነገር ነው፤ ሞተሩና ፈጪው። በአገራችን ገጠር የወፍጮ ሞተር ሲባል ለረጅም ዘመን ስሙ ሲነሳ የኖረው ሊስተር ነው። ፋብሪካውን እ.ኤ.አ. በ1867 ደርስሊ በተባለች የእንግሊዝ ከተማ ያቋቋመው ሮበርት አሽተን ሊስተር ነበር። ሁለት ትልልቅ ቮላኖ (ከባድ መንኮራኩር) ያለው ዝግተኛው የናፍጣ ሞተር እ.ኤ.አ. በ1929 ወጥቶ እስከ 1987 ድረስ ተመርቷል። ከሁሉ የታወቀው ባለ አንድ ሲሊንደሩ ጉልበቱ 6 የፈረስ ጉልበት፣ ዙሩ በደቂቃ 650 ብቻ ነው። የዛሬ መኪና ቆሞ ሳለ እንኳ የሞተሩ ዙር ከዚህ ብዙም አያንስም። የሲሊንደሩ ስፋት 114.3 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምት 139.7 ሚሊ ሜትር ነው። ዕድሜውን ያረዘመው ዝግታው ነው፤ ቀስ ብሎ የሚንቀሳቀስ ብረት ቀስ ብሎ ያልቃል። በሕንድ የራጅኮት አምራቾች ይህንኑ ንድፍ ተከትለው ፋብሪካው ካቆመም በኋላ ሲሠሩት ስለኖሩ መለዋወጫው ከገበያ አልጠፋም።

የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። ፒስተኑ አየሩን አጥብቆ ሲጨምቀው አየሩ ይግላል፤ በጋለው አየር ላይ ናፍጣ ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። ስለዚህ አሮጌ ሞተር ተነሳ አልተነሳ የሚለው ጥያቄ በአብዛኛው አየሩን አምቆ ይይዛል ወይስ ያስተነፍሳል የሚል ጥያቄ ነው። የፒስተኑ ፋሻ፣ ቫልቮቹና የቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ጓርኒሲዮን የሚፈተሹት በዚህ ምክንያት ነው።

አንድም ብሎን ከመነካቱ በፊት ዙሪያውን መመርመር ይገባል። በእጅ ስልክ ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሱ፤ ክፍሎቹ የሚገናኙበትን ቦታ በኖራ ወይም በቀለም ምልክት አድርጉ። ቀጥሎ በትንሽ መዶሻ የሞተሩን አካልና ቮላኖዎቹን ቀስ አድርጋችሁ ምቱ። ጤነኛ ጊዛ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ የታፈነ ነው። በውሃ ማቀዝቀዣው ዙሪያ ስንጥቅ ካለ፣ ወይም የሞተሩ ዋና አልቤሮ (ዘንግ) ከተሰበረ፣ ወጪው ከጥቅሙ ሊበልጥ ስለሚችል እዚህ ላይ ቆሞ ማሰብ ነው። ዝገቱ ግን፣ ምንም ያህል ቢያስፈራ፣ ብቻውን ለመተው ምክንያት አይሆንም።

ብረት ከውሃና ከአየር ጋር ተገናኝቶ ሲዝግ ያብጣል። ዝገቱ ከበላው ብረት ይልቅ ብዙ ቦታ ስለሚይዝ በብሎኑና በዳዶው ጥርስ መካከል ያለችውን ጠባብ ክፍተት ሞልቶ ሁለቱን ያጣብቃል። በወፍጮ ላይ ደግሞ ዱቄት የተጠራቀመበት ቦታ የባሰ ነው፤ ዱቄት እርጥበት ይስባል፣ የሳበውንም ከብረቱ ጋር አጣብቆ ያቆያል። አፍና አፍንጫን ሸፍኖ አሮጌውን ዱቄት በእንጨትና በብሩሽ ጠርጎ ማውጣት የመጀመሪያው ሥራ የሚሆነው ለዚህ ነው። ከዚያ እያንዳንዱን የተጣበቀ ዳዶ በናፍጣና በቀጭን ዘይት ድብልቅ ማርጠብ፣ ማሳደር፣ እንደገና ማርጠብ ነው። ለመፍታት ስትነሱ በመጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ ሞክሩ፤ ዝገቱ ሲሰበር ይሰማችኋል። ከዚያ ጥቂት ፈታ፣ ጥቂት መለስ እያሉ ማውጣት ነው። እንቢ ካለ ብሎኑን ትቶ ዳዶውን ብቻ በእሳት ማሞቅ ይረዳል፤ ዳዶው ሰፍቶ ዝገቱን ይለቃል። ይህ የሚደረገው ግን የናፍጣው ጋን ከአካባቢው ከራቀና የተረጨው ዘይት ከተጠረገ በኋላ ነው። ቁልፉ ላይ ረጅም ቱቦ ሰክቶ በጉልበት መጫን አብዛኛውን ጊዜ የሚያተርፈው አንገቱ የተቀነጠሰ ብሎን ነው።

የተጣበቀ ፒስተን ከዚህ የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል። ቴስታታውን ካነሳችሁ በኋላ ሲሊንደሩ ውስጥ ያንኑ ድብልቅ አፍስሳችሁ ለቀናት ተዉት። ቮላኖውን በእጅ ይዞ ወዲያና ወዲህ ማወዛወዝ ይበቃል፤ አንድ ጊዜ የፀጉር ያህል ከተነቃነቀ ሥራው አልቋል። የግድ መምታት ካስፈለገ ፒስተኑ ላይ የጠንካራ እንጨት ግንድ አስቀምጦ በእንጨቱ ላይ መምታት እንጂ በብረት መዶሻ ፊቱን መንካት አይገባም። ቮላኖውን ከአልቤሮው ጋር ያሰረው ባለ ራስ ኪያቤታም እንዲሁ ነው፤ ከራሱ በስተኋላ ሽብልቅ አስገብቶ ቀስ በቀስ መሳብ እንጂ ቮላኖውን መደብደብ አይገባም፤ ጊዛውን ይሰነጥቀዋል። ሞተሩ በጠቅላላው ከ300 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ቮላኖ ለማውረድ ጎረቤት ይጠራ፤ ከሥር አሮጌ ጎማ ይነጠፍ።

ትንንሾቹን የዛጉ ክፍሎች አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደር ዝገቱን ያለሰልሰዋል፤ ከዚያ በሽቦ ብሩሽ መፈተግ፣ ሶዳ በተጨመረበት ውሃ ማጠብ፣ ወዲያው አድርቆ ዘይት መቀባት ነው። የባትሪ ቻርጀር ያለው ሰው ደግሞ የተሻለ ዘዴ አለው። በፕላስቲክ በርሜል ውሃ ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ሶዳ ይሟሟል፤ የቻርጀሩ ኔጌቲቭ ከዛገው ዕቃ ጋር፣ ፖዘቲቩ ከማይፈለግ ተራ ብረት ጋር ይያያዛል፣ ሁለቱም ሳይነካኩ ይነከራሉ። ገመዱ ከተገለበጠ የሚበላው ዕቃችሁ ነው። ከውሃው የሚወጣው አረፋ ሃይድሮጂን ስለሆነ ይፈነዳል፤ ሥራው ደጅ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቆ ይሠራ። የማይዝግ ብረት በፖዘቲቩ በኩል ፈጽሞ አይገባም፤ መርዛማ ክሮሚየም ይለቃል።

ኩሽኔታ ሲገኝ ቁጥሩን ጠርጎ ማንበብ ነው። ጎኑ ላይ ለምሳሌ 6308 የሚል ከተጻፈበት የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁጥሮች በ5 አባዙ፤ 8 ሲባዛ በ5፣ 40 ይሆናል፤ የውስጥ ቀዳዳው 40 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ይህ ስሌት መጨረሻቸው 04 እና ከዚያ በላይ ለሆኑት ይሠራል። ቁጥሩ በዓለም ሁሉ አንድ ስለሆነ ሮቢት ላይ ሆኖ ወልድያ፣ ደሴ ወይም አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ደውሎ መጠየቅ ይቻላል። ኩሽኔታው የተቀመጠበት የአልቤሮ ቦታ ካለቀ ቶርኖ ቤት በብየዳ ሞልቶ ወደ ልኩ ይመልሰዋል፤ የኪያቤታውን ቦይ የሚያስተካክለው ፍሬዛ ነው።

አሁን ወደ ድንጋዩ እንምጣ፤ ሞተሩ የቱንም ያህል ቢያምር ዱቄቱን የሚወስነው እሱ ነው። ሁለት ክብ ድንጋዮች ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ አንዱ አይንቀሳቀስም፣ ሌላው ይዞራል። እህሉ በመሀል ዓይናቸው ገብቶ በቦዮቹ እየተገፋ ወደ ጠርዝ ይወጣል። የሁለቱ ድንጋዮች ቦይ ሲገናኝ እንደ መቀስ ስለት መተላለፍ አለበት፤ እህሉን የሚቆርጠው ያ መተላለፍ ነው። ቦዩ በመሀል በኩል ጥቂት ሚሊ ሜትር ይጠልቅና ወደ ጠርዙ እየሳሳ ይሄዳል፤ ጠርዙ አካባቢ የቀረው ጠፍጣፋ ፊት ልም የሚያደርገው ነው። ፋብሪካ ሠራሹ ድንጋይ ብዙውን ጊዜ ኤመሪ በማግኒዥየም ማጣበቂያ ተጋግሮ የተሠራ ስለሆነ ውሃ ይጎዳዋል። ስለዚህ አሮጌ ድንጋይን ላጽዳ ብሎ መዘፍዘፍ አይገባም፤ በደረቅ ብሩሽ ይጸዳል።

ድንጋዩ የሚወቀረው እንዲህ ነው። ድንጋዩን ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ ጎማ ላይ አስተኙት። ቀጥ ያለ ጠርዝ ያለው ጣውላ ላይ በትንሽ ውሃ የለወሳችሁትን ቀይ አፈር ቀቡና ጣውላውን በድንጋዩ ፊት ላይ በስሱ አሽከርክሩት። ቀይ የነካው ሁሉ ከፍ ያለ ቦታ ነው፤ ያንን ብቻ በመውቀሪያ በትንንሽ ምት ዝቅ ማድረግ፣ ጠርጎ እንደገና መቀባት፣ እንደገና መውቀር ነው። ቀዩ በድንጋዩ ሁሉ ላይ ተበትኖ ሲታይ ፊቱ ተስተካክሏል። ቀጥሎ የደነዙትን ቦዮች በቀድሞ መስመራቸው ብቻ ማጥለቅ ነው፤ አዲስ ንድፍ ለማውጣት መሞከር ፋብሪካው ለዙሩ አቅጣጫ ያሰላውን ማበላሸት ነው። የዓይን መከላከያ መነጽር ሳያደርጉ መውቀሪያ ማንሳት አይገባም። ተዟዟሪው ድንጋይ ከተገጠመ በኋላ በእጅ አሽከርክሩት፤ በተደጋጋሚ አንድ ቦታ ላይ እየቆመ ከታች የሚያርፈው ያው ጎን ከሆነ ያ ጎን ከባድ ነው፣ ሚዛኑ ካልተስተካከለ ኩሽኔታውን ይጨርሰዋል።

ዱቄት ምግብ ነው። እህል የሚነካውን ማንኛውንም ክፍል ቀለም አትቀቡት፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይትም አታስነኩት፤ አንቲረስትና ቀለም ለውጭ አካሉ ብቻ ነው። የኩሽኔታው ግራሶ ወደ ድንጋዩ እንዳያልፍም የሚከለክለው ጎማ አዲስ ይሁን።

ገጠማው ሲደርስ የፑሌጃው ስሌት ይመጣል። የሞተሩ ዙር በሞተሩ ፑሌጃ ስፋት ተባዝቶ ለወፍጮው ፑሌጃ ስፋት ሲካፈል የድንጋዩ ዙር ይወጣል። ሞተሩ 650 ቢዞር፣ ፑሌጃው 30 ሳንቲ ሜትር፣ የወፍጮው 39 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ድንጋዩ በደቂቃ 500 ይዞራል። ፋብሪካው በድንጋዩ ወይም በአካሉ ላይ ከጻፈው ዙር በላይ ማስኬድ ድንጋይን ሊበትን ይችላል፤ የተበተነ ድንጋይ ሰው ይገድላል። ጉልበትም ሲታሰብ ከፍታው አይረሳ። ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,500 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ስለሚሳሳ የናፍጣ ሞተር በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ከ6ቱ የፈረስ ጉልበት አንድ ያህሉ እዚያው ይቀራል ማለት ነው። ቺንጋው ያለ መከለያ ሽቦ ፈጽሞ አይሂድ። ወረፋ የሚጠብቁት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ የነጠላ ጫፍ በቺንጋ ከተያዘ ሞተር ለማጥፋት ጊዜ የለም። ጭሱም በቧንቧ ከቤት ይውጣ።

የማስነሻው ቀን የናፍጣው መስመር ከአየር ይጸዳል፤ ኢንጀክተሩ ሲረጭ እጅ ፊቱ አይደቀንም፣ ቆዳ ይበሳል። ድንጋዮቹን አራርቃችሁ፣ የቫልቩን ማንሻ ከፍታችሁ ማኑቬላውን አዙሩ፤ ቮላኖው ፍጥነት ሲይዝ ማንሻውን ልቀቁ። ከተነሳ በኋላ ያለ ሥራ ይሙቅ። አጥፍታችሁ የቴስታታውን ዳዶዎችና የቮላኖውን ኪያቤታ እንደገና ፈትሹ፤ የላላ ኪያቤታ ይዞ የሚዞር ቮላኖ ትልቅ አደጋ ነው።

የመጀመሪያው እህል ድንጋዩን ለማጥራት ብቻ ነው። አዲስ የተወቀረ ድንጋይ ብናኝ ስለሚጥል የወጣው ዱቄት ይጣል፤ ለከብትም አይሰጥ። ድንጋዮቹን እህል ሳይገባ አታቀራርቡ፤ ሲነካኩ ይቃጠላሉ፣ ሽታው ይነግራችኋል። ከዚያ ለጥቂት ጊዜ ማሽላ ብቻ ፍጩ። አንድ ሺህ የማሽላ ፍሬ ወደ 30 ግራም ሲመዝን አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ አንድ ግራም እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ለጤፍ ድንጋዩ እጅግ መቀራረብ አለበት፣ በማሽላ ያላለፈ ጉድለት ሁሉ በጤፍ ይጋለጣል። ዱቄቱን በሁለት ጣት መሀል እሹት። እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ድንጋዩ ደንዟል ወይም ከመጠን በላይ ጠብቋል፤ ሻካራ ከሆነ ትንሽ አጥብቁ። በዚህ ላይ ከባለሙያ ይልቅ ሊጥ የሚያቦኩትን እናቶች ጠይቁ፤ ልምነቱን በጣት ያውቁታል። እነሱ ማሽላው ደህና ነው ካሉ በኋላ ድንጋዩን ጠርጋችሁ የጤፉን ወረፋ ክፈቱ።