ጓሳ፦ በቀጠሮ የሚታጨድ ሣር

ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር አድርጋችሁ ወደ መሐል ሜዳ ስትጓዙ፣ ከተማዋ ሳትደርሱ መንዝ ጓሳን ታገኛላችሁ። ከፍታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነውና ጋቢ አትርሱ።

ልጆቼን ይዤ የሄድኩት በኅዳር ነበር። ረግረጉ ጋ ስንደርስ የአካባቢው ጠባቂ «ጋሼ፣ በዳር በዳር እንሂድ» አለኝ። መሬቱ ክረምት የጠጣውን ውኃ በበጋ ቀስ እያለ ለምንጮቹ ይለቃል። ከዚህ የሚነሱ ወንዞችም ወደ ዓባይና ወደ አዋሽ ይወርዳሉ።

ወዲያ ማዶ ጭላዳዎች ሣር ይነጫሉ፤ አንዲት ቀይ ቀበሮ በመካከላቸው ትመላለሳለች። አይሸሿትም። እዚሁ ጓሳ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2015 እንደታተመው፣ ቀበሮ ብቻዋን አይጥ ስታድን የሚሳካላት 25 በመቶ፣ ከጭላዳ መንጋ ጋር ሲሆን ግን 67 በመቶ ነው። በዓለም የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ቢሆኑ ነው፤ ሁሉም በአገራችን ይኖራሉ።

ጓሳን ያቆየው አጥር አይደለም። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የመንዝ ሰው በቄሮ ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ፣ በቀጠሮ ያጭድ ነበር፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ሣሩም ተጎዳ። ኋላ ነዋሪው ራሱ ኮሚቴና መተዳደሪያ ደንብ አቁሞ መለሰው።

ልጄ ጠባቂውን «ቤቱ የሚያፈስበት ሰውስ?» ብላ ጠየቀችው።

«ቀኑን ይጠብቃል፣ የኔ ልጅ። ቀድሞ ያጨደ የጎረቤቱን ክዳን ነው የሚወስደው።»