«ፀሐይ» ተመልሳለች፤ መብረሩስ?

«ኦልድ ኤርፖርት» የሚለውን ስም በቀን ስንት ጊዜ ነው የምንሰማው? ወያላው ይጠራዋል፤ ራይድ ስንጠራ ስልካችን ላይ ይመጣል፤ ቤት የሚከራይ ሰው ዋጋውን ሰምቶ ይደነግጣል። የንፋስ ስልክ ላፍቶና የልደታ ክፍለ ከተሞች በሚዋሰኑበት በዚህ አካባቢ የምንመላለስ ብዙዎቻችን ግን ስሙ ውስጥ ያለውን «ኤርፖርት» ረስተነዋል።

ቦሌ ከመከፈቱ በፊት የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ እዚሁ ልደታ ነበር። አየር መንገዳችን መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ካደረገ በኋላ ልጅነቱን ያሳለፈው በዚህ ሜዳ ነው። ኋላ ጄት መጣ፤ ጄት ደግሞ ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል። ቦሌ ተሠራ፤ ሰፈሩ ስሙን ይዞ ቀረ።

ዛሬ ማውራት የፈለግኩት ግን ስለ ትልልቆቹ አይደለም። ሁለት ሦስት ሰው ስለምትይዝ፣ ባለቤቷ ራሱ ሊያበርራት ስለሚችል አሮጌ ትንሽ አውሮፕላን ነው። «ይሄ የፈረንጅ ሀብታም ጨዋታ ነው» ለማለት አትቸኩሉ። አንዷን እዚሁ አዲስ አበባ ሠርተናታል።

አዲስ አበባ የተሠራችው

ጊዜው 1928 ዓ.ም. ነው፤ የጣሊያን ጦር ወደ መሀል አገር እየገፋ ነው። በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሉድቪግ ዌበር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ቀላል አውሮፕላን ሠርቶ አስነሳ። በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ስም «ፀሐይ» ተባለች። «ኢትዮጵያ 1» የሚል መጠሪያም አላት።

ልዕልት ፀሐይ ነርስ ነበሩ፤ በ1934 ዓ.ም. ገና በወጣትነታቸው አረፉ። በስማቸው የተሠራው ሆስፒታል ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው ነው። ከኦልድ ኤርፖርት ብዙም አይርቅም።

የ«ፀሐይ» ሞተር 115 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ቁጥሩ ወረቀት ላይ ደህና ይመስላል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። እንዲህ ዓይነት ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። 115 የነበረው 90 እንኳ አይሞላም ማለት ነው። ክንፉም በሳሳ አየር ላይ ለመነሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል፤ መንደርደሪያው ይረዝማል፤ ጭነቱ ይቀንሳል። ለትንሽ አውሮፕላን የእኛ ከተማ ከባድ ፈተና ናት። «ፀሐይ» ይህን ፈተና አልፋ በርራለች።

ጣሊያን አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ወሰዳት። ሮም አጠገብ ቪኛ ዲ ቫሌ በሚገኘው የጣሊያን አየር ኃይል ሙዚየም ለአሥርት ዓመታት ቆይታ፣ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተሰጠች። ሁላችንም ፎቶዋን ሼር አደረግን። ከዚያስ?

31 ሰዓት በአንድ ሞተር

ከጦርነቱ በኋላ ሌላ ዕድል መጥቶ ነበር። ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮሰን የተባለው ስዊድናዊ በወረራው ጊዜ ለቀይ መስቀል የአምቡላንስ አውሮፕላን ያበረረ ሰው ነው። ነፃነት ሲመለስ አየር ኃይላችንን ሊያደራጅ ቢሾፍቱ ገባ። ለሥልጠና ከመጡት አውሮፕላኖች አንዷ ሳብ ሳፊር ናት። አዎ፣ መኪና ይሠራ የነበረው ያው ሳብ። ሳፊር ለሥልጠናም፣ ለግል ጉዞም ታስባ የተሠራች ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ናት፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰው ይይዙ ነበር።

በግንቦት 1939 ዓ.ም. ፎን ሮሰን አንዷን ሳፊር ከስዊድን አስነስቶ የትም ሳያርፍ አዲስ አበባ አደረሳት። ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ፣ 31 ሰዓት ገደማ! የዛሬ ጄት ወንበር ላይ ሰባት ሰዓት ተቀምጠን እግራችን ሲያብጥ ይህን ማስታወስ ጥሩ ነው። ሰውዬው ከኢትዮጵያ ጋር እስከ መጨረሻው አልተለያየም፤ ሕይወቱ ያለፈው በሐምሌ 1969 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት ጎዴ ላይ ነው።

በጠቅላላው 323 ሳፊሮች ተሠርተዋል። አውሮፓ ውስጥ በግለሰቦችና በክለቦች እጅ ሆነው ዛሬም የሚበርሩ አሉ። እኛ ከመጀመሪያዎቹ ገዢዎች ነበርን። ልዩነቱ የመጣው ከግዢው በኋላ ነው።

መግዛቱ ቀላሉ ነው

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ነው መሰለኝ፣ እንዲህ ዓይነት ነገር ሳይ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ሒሳቡ ነው። አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ ያረጀች ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን አዲስ አበባ ላይ አንድ ደህና መኪና ከሚሸጥበት ባነሰ ዋጋ ትገኛለች። ጉዱ ያለው በኋላ ነው።

ነዳጁን እንይ። 180 የፈረስ ጉልበት ያለው የተለመደ ሞተር በሰዓት ከ35 እስከ 40 ሊትር ይጠጣል። የሚጠጣው ደግሞ የአውሮፕላን ቤንዚን ነው፤ ቦሌ ላይ ትልልቆቹ የሚሞሉት የጄት ነዳጅ አይሆነውም። ሞተሩም በ2,000 ሰዓት ወይም በ12 ዓመት ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ እንዲታደስ አምራቹ ይመክራል። በየዓመቱ ፈቃድ ያለው መካኒክ ገላልጦ ይመረምራታል። ሃንጋር አለ፣ ኢንሹራንስ አለ፣ በዶላር የሚመጣ መለዋወጫ አለ። እነዚህ ወጪዎች አበረርክም አላበረርክም ብዙዎቹ አይቀሩም።

ለምሳሌ ያህል ቋሚ ወጪው በዓመት 1,200,000 ብር ነው እንበል። አንድ ሰው ብቻውን ገዝቶ በዓመት 40 ሰዓት ቢያበርር፣ ነዳጅ ሳይጨመር ሰዓቱ 30,000 ብር ይመጣበታል። ያቺው አውሮፕላን በማኅበር ተይዛ 300 ሰዓት ብትበርር ግን ሰዓቱ 4,000 ብር ይሆናል። ፈረንጆቹ አሮጌ አውሮፕላን ማቆየት የቻሉት ሁሉም ሀብታም ስለሆኑ አይደለም። አምስትም አሥርም ሆነው አዋጥተው ስለሚይዙ ነው። ዕቁብና ማኅበር ለሚያውቅ ሕዝብ ይሄ ትምህርት አያስፈልገውም።

ከገንዘቡ በላይ ግን እጅ ነው የሚያስፈልገው። በጥቅምት 1923 ዓ.ም.፣ ከዘውድ በዓሉ በፊት በነበረው ልምምድ፣ ከሃርለም የመጣው ሁበርት ጁሊያን የንጉሡን ጂፕሲ ሞዝ ከሰከሳት። እሱ ተረፈ፤ ከአገር እንዲወጣ ተደረገ። ጥሩ አውሮፕላን ያለ ሠለጠነ እጅ የአንድ ቀን ንብረት ናት።

አሮጌ ቮልስ አዲስ አበባ ላይ ለምን አልሞተም? በየሰፈሩ የሚያውቀው መካኒክ ስላለ ነው። በነገራችን ላይ አስመላሽ ዘፈሩ መጽሐፍ እያነበበ፣ ዩቲዩብ እያየ በገዛ እጁ አውሮፕላን ሲሠራ የገጠመላት የቮልስ ሞተር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ያደረገው የመጀመሪያ የበረራ ሙከራ አልተሳካም። እኔ ግን ዜናውን ሳነብ ያሰብኩት ሌላ ነው፦ ይህ ሰው አጠገቡ አንድ ክለብ፣ አንድ ልምድ ያለው መካኒክ፣ አንድ ሞካሪ ፓይለት ቢኖረው ኖሮስ? ብቻውን መሥራት ድፍረት ነው፤ ብቻውን መሞከር ግን ለሕይወቱ አደገኛ ነው።

እና «ፀሐይ» ትብረር?

የእኔ መልስ፦ እሷ አትብረር። የ90 ዓመት አካል ይዛ እንድትነሳ ብዙ ዕቃዋ መቀየር አለበት፤ ተቀይሮ ሲያልቅ ደግሞ የ1928ቷ «ፀሐይ» አትሆንም። ብትወድቅ ምትክ የላትም። አሜሪካኖች ሊንድበርግ አትላንቲክን የተሻገረባትን «ስፒሪት ኦፍ ሴንት ሉዊስ» ዋሽንግተን ሙዚየም ውስጥ ሰቅለዋታል፤ ሰማይ ላይ የታዩት ቅጂዎቿ ናቸው።

እኛም ቅጂ እንሥራ። በአቪዬሽን ዩኒቨርሲቲውና በቴክኒክ ኮሌጆቻችን ብረት መበየድ፣ እንጨት መቅረጽ፣ ሞተር መፍታት የሚማሩ ልጆች አሉ። ዋናዋ አጠገባቸው ናት፤ መለካት፣ መሳል፣ መጠየቅ ይቻላል። አየር መንገዱም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ «እሸት» የምትባል የእርሻ አውሮፕላን እዚሁ ሠርቷል፤ ነገሩ እንግዳ አይደለም። የነዳጁም ችግር መላ አለው፤ ዛሬ በጄት ነዳጅ የሚሠሩ የትንሽ አውሮፕላን ሞተሮች አሉ።

«አገሪቱ ስንት ችግር እያለባት?» የሚል ኮሜንት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ዶላር ጠፍቶ መድኃኒት በሚወደድበት ጊዜ ለመዝናኛ በጀት ይመደብ ማለት ይከብዳል። ሒሳቡን ግን እንደ ትምህርት ወጪ እዩት። አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ከመሬት ተነስታ በሰላም እስክታርፍ የሚለፉት እጆች ነገ ትልልቆቹን የሚጠግኑት ናቸው። 1928 ዓ.ም. ላይ፣ ጦርነት በር ላይ ቆሞ፣ አንድ መሐንዲስና ጥቂት ኢትዮጵያውያን ይህን ሥራ ጀምረውት ነበር።

ጣሊያን የመለሰችልን አካሏን ነው። የሠሯት ሰዎች ዕውቀት ግን በሻንጣ ተጭኖ አይመጣም። ሃያ ተማሪዎች አንድ ሃንጋር ውስጥ ገብተው ቅጂዋን ገጥመው የጨረሱ ቀን፣ «ፀሐይ» ያኔ ተመለሰች እላለሁ።